ፖሎኔዙ እንዳያልቅ

ፖሎኔዝ እየሄዱ የሚጨፍሩት ነገር ነው። ዳንስ ይሉታል እንጂ እኔን ከጠየቃችሁኝ ሰልፍ ነው፤ ወንድና ሴት ክንድ ለክንድ ተያይዘው፣ ደረታቸውን ነፍተው፣ አዳራሹን ይዞሩታል። ምቱ በሦስት ይቆጠራል። ሰው ደግሞ ያለው እግር ሁለት ነው። ሶ፣ «አንድ» ባላችሁ ቁጥር ተራው የሌላኛው እግር ይሆናል፤ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ ትጀምራላችሁ። ይህን ያስተማረችኝ የፒያኖ መምህሬ ናት፤ ዳላስ አጠገብ፣ ዋይሊ የምትኖር፣ ጡረታ የወጣች አሜሪካዊት። ክንዴን ይዛ ሶፋዋን እየዞርን ካላስረገጠችኝ በቀር ፒያኖው ጋ አታስቀምጠኝም። «መጀመሪያ በእግርሽ ተጫወቺው» ትለኛለች። መጋረጃ የሚባል ነገር አትወድም፤ ጎረቤቶቿ ሁሉ ያዩናል። አንዲት ነጭ አሮጊትና አንዲት ሐበሻ በጠራራ ፀሐይ ሳሎን ውስጥ ተያይዘው ሲንጎራደዱ! እንኳንም ፖሊስ አልጠሩብን።

እኔና ፒያኖ የተገናኘነው እንዲሁ በአጋጣሚ ነው። እዚያው አጠገብ፣ ሳክሲ የምትባል ከተማ ቤት ስንገዛ የቀድሞዎቹ ባለቤቶች ፒያኖአቸውን ትተውልን ሄዱ። ስጦታ እንዳይመስላችሁ፤ ከብዷቸው ነው። ባለቤቴ የሚያነሳለት ሰው ሲያፈላልግ እኔ በአንድ ጣቴ ነካ አደረግኩት። በቃ፣ አለቀ። ሥራዬ ኤርፖርት ዊልቸር መግፋት ነው። ቀኑን ሙሉ ከጌት ጌት ሰው ስገፋ ውዬ ስገባ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ እሱ ጋ መቀመጥ ለመድኩ። መምህሬንም ያገኘኋት እዚያው ኤርፖርት ነው። ጉልበቷን ኦፕራሲዮን ሆና በዊልቸር እየገፋኋት ስለ ፒያኖው ሳወራላት፣ ዞር ብላ ትከሻዬን አየችና «ይህ ትከሻ ለፖሎኔዝ የተሠራ ነው» አለችኝ። ያኔ ፖሎኔዝ ይበላ ይጠጣ አላውቅም።

እውነተኛውን ፖሎኔዝ የሰጠችኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ያቀናበረው አንድ ድሮ የነበረ ፖላንዳዊ ነው። ሁለት ፖሎኔዞቹ ባንድ ላይ ታትመዋል፤ አንደኛው ጨለማ፣ ሌላኛው ብርሃን። ለኔ የደረሰኝ ብርሃኑ ነው፤ ከመጀመሪያው ኖታ ጀምሮ በሙሉ ድምፅ የሚጮህ፣ ትዕቢተኛ ሙዚቃ። መሐል ላይ ሌላ ዜማ ይገባል፤ እዚያ ግራ እጅ ወደ ታች ወርዶ ከበሮ ይመስል ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ደግሞ ወደ መጀመሪያው ተመልሶ ያው ሰልፍ ይቀጥላል። ሲመለስ አዲስ ኖታ የለም፤ ከመጀመሪያው ጀምሪ የሚል ምልክት ብቻ ነው ያለው። አንድ ጊዜ ትመለሻለሽ፣ ታበቂያለሽ።

መምህሬ ስለ ሰውየው ስትነግረኝ ዓይን ዓይኔን ታያለች። ገና በልጅነቱ ፖሎኔዝ ይጽፍ ነበር፤ በወጣትነቱ ካገሩ ወጣ፤ ሳይመለስ ቀረ። እዚህ ጋ ስትደርስ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። ታለቅሳለች ብላኝ ነው መሰለኝ። እኔ ደግሞ ምን ላድርግ፣ የዚያን ቀን ያሳሰበኝ የጋራዥ በሬ አልዘጋ ማለቱ ነበር። ስደተኛ ሁሉ በተነካ ቁጥር የሚያለቅስ ይመስላቸዋል። «በጣም ያሳዝናል» አልኳት፣ እንዳይከፋት።

በየዓመቱ ጸደይ ላይ ሪሳይታል ታዘጋጃለች፤ ማለቴ፣ ተማሪዎቿ ተራ በተራ ሰው ፊት የሚጫወቱበት ቀን ነው። አንድ የፈረንጅ ቤተ ክርስቲያን አዳራሹን ያውሳታል። ተማሪዎቿ አብዛኞቹ ልጆች ናቸው። ወላጆች ቪዲዮ ያነሳሉ፣ አያቶች ያንቀላፋሉ። እኔ ትልቋ ስለሆንኩ መጨረሻ ላይ ነኝ። የኔ ተመልካች ባለቤቴ ብቻ ነው። ሌላ ሐበሻ መጥቶ አያውቅም። ዕድር ስብሰባ ላይ «ያቺ ፒያኖዋ መጣች» እያሉ ይስቁብኛል፤ ቅር አይለኝም። ማን ሄዶ የፈረንጅ ሰልፍ ተቀምጦ ይሰማል?

በዚያ ዓመት አባዬ ታሞ ነበር። አዲስ አበባ፣ እህቴ ቤት ነው ያለው። ልቡ ነው። ሆስፒታል ገባ፣ ወጣ፣ እንደገና ገባ፣ እንደገና ወጣ። ሐኪሞቹ ያሉትን እህቴ በግማሽ ነው የምትነግረኝ፤ ግማሹን እኔ እሞላለሁ፤ እኔ ስሞላው ደግሞ ሁልጊዜ የከፋው ነው። ሄጄ እንዳላየው የዜግነት ወረቀቴ እየታየ ነው፤ አሁን ከአገር እንዳትወጪ ብለውኛል። ስለዚህ በየቀኑ ኮል አደርጋለሁ። ድምፁን ከሰማሁ እውላለሁ። ካልሰማሁ ዊልቸር ስገፋ መታጠፊያ እስታለሁ።

ሪሳይታሉ ቅዳሜ ነው። ረቡዕ ደወልኩ። እህቴ «ተኝቷል» አለችኝ። ሐሙስ ደወልኩ፤ «ውይ፣ አሁን ገና እንቅልፍ ወሰደው»። እሺ፣ በሽተኛ ይተኛል። ያስፈራኝ እሱ አይደለም። እህቴ ሁልጊዜ ስትደውሉላት ታማርራለች፤ መብራት ጠፋ፣ ኑሮ ተወደደ፣ አንቺ ምን አለብሽ፣ አሜሪካ ተቀምጠሽ። ሐሙስ ግን ሳታማርር «አይዞሽ የኔ ቆንጆ፣ ራስሽን ጠብቂ» ብላ ዘጋችው። የኔ ቆንጆ! ተወልጄ ካፏ ሰምቼው አላውቅም።

እኛ ዘንድ ሞት በስልክ አይነገርም። አገር ቤት ሰው ሲያርፍ ቤተሰቡ የሚደውለው ለባለጉዳዩ ሳይሆን እዚህ ላሉ ሰዎች ነው። እነሱ ይመካከራሉ። ሥራ የማይገባበትን ቀን ያጣራሉ፣ ፌስቡክ ላይ እንዳያይ ያዘናጉታል፣ ፈተና ካለበት እስኪፈተን፣ አራስ ከሆነች እስክትጠና ይታገሳሉ። ከዚያ ተሰብስበው ይመጡና መርዶውን ያረዳሉ። ሶ፣ እዚህ የምንኖር ሰዎች ያለ ምክንያት ደግ የሚሆንልን ሰው እንፈራለን። እውነቴን ነው። ሰው ሲቆጣኝ ተረጋግቼ እተኛለሁ፤ ሰው ሲያባብለኝ ነው አገር ቤት የምደውለው።

የዚያኑ ቀን ጋርላንድ፣ የሐበሻ ሱቅ በር ላይ የዕድራችንን ሊቀ መንበር አገኘኋቸው። ረጅም፣ ድምፃቸው ጎርናና፣ ደግ ሽማግሌ ናቸው። ግን በዚህ ከተማ ያላረዱት ሰው የለም፤ በር ሲያንኳኩ ሰው ከመክፈቱ በፊት ማልቀስ ይጀምራል። እሳቸውም ይህን ስለሚያውቁ ሰው ቤት ሲሄዱ አስቀድመው «ለደህና ነው፣ ለደህና ነው!» እያሉ ነው የሚደውሉት።

«ደህና ነሽ ልጄ?» አሉኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን ጋሼ። እርስዎስ እንዴት ነዎት?»

«ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ። ያ... ፒያኖሽ መቼ ነው?»

ክው አልኩ። እኚህ ሰው በሕይወታቸው ፒያኖ ሰምተው አያውቁም። ባለፈው ዓመት «ያ ሣጥንሽ ደህና ነው?» ብለው የጠየቁኝ ሰው ናቸው።

«ቅዳሜ ነው፣ ከሰዓት» አልኩ።

«ባለቤትሽም ይኖራል?»

«አዎ፣ ይኖራል።»

«ጥሩ። ጥሩ ነው። እኛም እንመጣለን» አሉና ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ሄዱ። «ለደህና ነው» አላሉም።

በርበሬ ልገዛ ሄጄ ባዶ እጄን ተመለስኩ። መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ቁልፉን ማዞር አቃተኝ። ባለቤትሽ ይኖራል ወይ ማለት ምን ማለት ነው? ስትወድቂ የሚይዝሽ ሰው ይኖራል ወይ ማለት ነዋ! ሌላ ምን ትርጉም አለው? እንደዚያ እያልኩ ራሴን በራሴ አረዳሁት።

ለምን አልጠየቅሽም ትሉኝ ይሆናል። ማንን? ብጠይቅ «ኧረ ምንም የለም፣ ምን ሆነሻል አንቺ!» ነው የሚሉኝ፤ በሕይወት ቢኖርም፣ ባይኖርም፣ መልሱ ያው ነው። ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈራሁ። የሚዋሽ ሰው ባገኝ እሺ። የማይዋሽ ቢያጋጥመኝስ? ካልተነገረኝ አባዬ አለ። ተኝቷል። አሁን ገና እንቅልፍ ወስዶታል።

ዓርብ ጠዋት ሥራ ስገባ፣ ኤርፖርት አብራኝ የምትሠራው ጓደኛዬ መንገድ ላይ ጠበቀችኝ። «ዛሬ ግቢና ተለማመጂ፤ ሺፍትሽን እኔ እሸፍንልሻለሁ» አለችኝ። ይህች ሴት የሻይ እረፍቷን እንኳን ለማንም የማትሰጥ ናት። በዚያ ላይ አቅፋ ሳመችኝ፤ ጉንጬ ላይ ከንፈሯ ቆየ። «ምነው?» አልኳት። «ምን ምነው? ጓደኛዬ አይደለሽም እንዴ?» አለችና ፊቷን አዞረች። አንገቷ ላይ የደም ሥሯ ይመታል። አንዲት አሮጊት ዊልቸር ላይ ሆነው ይጠብቁኝ ነበር፤ ለሷ አስረክቤ ወጣሁ። ፓርኪንጉ ውስጥ መኪናዬን ያቆምኩበትን ረስቼ ደጋግሜ ዞርኩ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ አለ። ኡበር ነው የሚነዳው፤ ዓርብ ደግሞ ትልቁ የሥራ ቀኑ ነው። ሶፋው ላይ ቁጭ ብሏል፤ ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል።

«ምነው አልወጣህም?»

«ትንሽ ደከመኝ» አለ፣ ሳያየኝ። «ስልክሽን አምጪ እስኪ፣ ቻርጅ ላድርግልሽ።»

«ቻርጅ አለው።»

«ይኑረው፣ አምጪው።»

ሰጠሁት። ወጥ ቤት ገብቶ ቆየ። ሲመልስልኝ ፌስቡክ ከስልኬ ጠፍቷል። ትዳር ውስጥ ከገባን ጀምሮ እንደዚያ ተጠንቅቀን የተናገርንበት ቀን አልነበረም፤ ውሃ ስጪኝ ለማለት እንኳን «ካላስቸገርኩሽ» ይለኛል። እኔ በሆዴ «ያውቃል፣ ነግረውታል» እላለሁ። ፒያኖው ጋ ተቀመጥኩ። ሌላ የት ልሂድ?

ያ ትዕቢተኛ ሰልፍ ጭር ያለውን ቤት ሞላው። ለወትሮው ስለማመድ ባለቤቴ «ኧረ ቀስ፣ ጎረቤት ይከሰናል» ይለኛል። ያን ቀን መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ ሰማኝ። ዓይኑ ቀልቷል። ስጨርስ «በጣም ያምራል» አለኝ። እኔ በዚያች ቅጽበት ነው አንድ ነገር የገባኝ፣ ወይም የገባኝ የመሰለኝ፤ ነገ ይህ ሙዚቃ ሲያልቅ እነሱ ይነሳሉ። ሙዚቃው ሲያልቅ አባዬ ይሞታል። ቅርት ብል ይሻላል አልኩ፤ መምህሬ ጋ ደውዬ አመመኝ ልበላት አልኩ። ግን ብቀር ቤት ይመጣሉ። ቤት ከሚመጡብኝ እዚያ ይሻለኛል፤ እዚያ ቢያንስ እስክጨርስ ድረስ ማንም አይነካኝም።

ቅዳሜ ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። ባለቤቴ ነው የነዳው። ጥቁር ቀሚስ ነበር ለሪሳይታሉ ያዘጋጀሁት፤ ለፒያኖ ጥቁር ነው የሚለበሰው። መስታወት ውስጥ ራሴን አይቼ አወለቅኩትና ቢጫ ለበስኩ። ባለቤቴ ቢጫውን ሲያይ ከንፈሩን ነከሰ።

አዳራሹ ጎን ላይ ተማሪዎች የሚጠብቁባት ትንሽ ክፍል አለች። በሩን ገርበብ አድርጌ አየሁ። ከፊት ልጆቹና ወላጆቻቸው፣ ስልካቸውን ደቅነው። ከኋላ፣ መጨረሻው ረድፍ ላይ፣ እነሱ። ሊቀ መንበሩ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። የዕድሩ ሰዎች አጠገባቸው ተደርድረዋል። ጓደኛዬ ጠፍጣፋ ጫማ አድርጋለች፤ ያለ ታኮ ወጥታ የማታውቅ ሴት። እግሯ ሥር ካስቀመጠችው ቦርሳ ውስጥ የነጠላ ጫፍ ወጥቶ ይታያል። ባለቤቴ ሄዶ ሊቀ መንበሩ አጠገብ ተቀመጠ፤ እሳቸውም እጁን ያዙት። እንግዲህ ምን ቀረኝ? አንድ ሕፃን ልጅ ስለ ጥንቸል የሆነ ነገር እየተጫወተ ነው፤ እነሱ ግን የሚያዩት ወለሉን ነው። ግድግዳውን ተደግፌ «አባዬ፣ አባዬ» እላለሁ፣ ድምፅ ሳላወጣ።

መምህሬ መጥታ እጄን ያዘችኝ። «ውይ፣ በረዶ ነሽ!» አለችኝ። «ጥሩ ነው፣ ፍርሃት ለፖሎኔዝ ጥሩ ነው። ያገርሽም ሰዎች መጥተዋል፣ አየሻቸው? ምን ያህል ቢወዱሽ ነው!» ደስታዋን ብታዩት። ላብራራላት አልሞከርኩም። ምን ብዬ? እነዚህ ሰዎች ሙዚቃ ወደው ሳይሆን እስክጨርስ እየጠበቁ ነው ልበላት?

ተራዬ ደረሰ። ወጣሁ። ወደ ኋላ አላየሁም። መምህሬ ኖታ ልትገልጥልኝ አጠገቤ ተቀመጠች።

ጀመርኩ። የመጀመሪያዎቹ ድምፆች ሲወጡ እኔ ራሴ ደነገጥኩ። እንደዚያ ጮኾ አያውቅም። ዊልቸር የሚገፋው ትከሻዬ ሁሉ እጄ ላይ ወረደ። ሙዚቃው ይኮራል፣ ይራመዳል፣ ደረቱን ይነፋል። ያ ብርሃን ያልኩት ሙዚቃ እንዴት የሚያስፈራ እንደሆነ ያን ቀን አወቅኩ፤ ዝም ብሎ ወደፊት ነው የሚሄደው። ቁም ቢሉት አይቆም። እያንዳንዱ መስመር ወደ መጨረሻው ይጎትተኛል። ድገሚ የሚል ምልክት ባለበት ሁሉ ደገምኩ። መሐሉ ጋ ስደርስ፣ ግራ እጄ ታች ወርዶ ሲንቀጠቀጥ፣ ያን መንቀጥቀጥ ማንም አላስተማረኝም፤ እጄ ከጠዋት ጀምሮ ሲለማመደው ነው የዋለው።

ከመጀመሪያው የሚለው ምልክት ጋ ደረስኩ። ተመለስኩ። ሲመለሱ አይደገምም፤ ቀጥ ብሎ ተሂዶ ይዘጋል። መምህሬ ስንት ጊዜ ነግራኛለች። እኔ ግን ደገምኩት። አጠገቤ ትንፋሿ ቆም ሲል ሰማሁት። የመጨረሻው መስመር መጣ። እዚያ ላይ እጅ ይነሳል፣ ሰው ያጨበጭባል፣ እነሱ ይነሳሉ። አላነሳሁም። ድምፁ ሳይጠፋ ወደ መሐሉ ተመልሼ ገባሁ። ከዚያ እንደገና ወደ መጀመሪያው።

«ማይ ዲር፣» አለችኝ መምህሬ በሹክሹክታ፣ «አልቋል እኮ።»

«አላለቀም» አልኳት፣ በአማርኛ።

ምን እንዳልኩ አልገባትም፤ ግን ፊቴን አይታ ኖታውን ወደ ፊተኛው ገጽ መለሰችልኝ። እግዚአብሔር ይስጣት። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ይገባል። አባዬ በሕይወት አለ። አሁንም አለ። ይህን መስመር እስክጨርስ አለ፤ የሚቀጥለውንም እስክጨርስ አለ። ከወላጆቹ መሐል አንዱ ሲያስል ይሰማኛል፤ አንድ ልጅ «አላለቀም እንዴ?» ሲል እናቱ ዝም ስታሰኘው። ቀኝ ክንዴ መቃጠል ጀመረ። ጣቶቼ ትክክለኛውን መምታት አቆሙ። ድምፁ እየተበላሸ መጣ፤ ሰልፉ ማነከስ ጀመረ። መምህሬ ቀስ ብላ እጇን አንጓዬ ላይ አደረገች። አልያዘችኝም፤ አደረገችው ብቻ። ያን ጊዜ የመጨረሻዎቹን መታሁና ተውኩት።

አዳራሹ ብድግ አለ። ያን ሁሉ የደጋገምኩት ከስሜት የተነሳ መስሏቸው ይሆናል፤ ጭብጨባው አላባራ አለ። እጅ ነሳሁ ወይስ አልነሳሁም፣ አላስታውስም። ከመድረኩ ወርጄ በመሐል መተላለፊያው ወደ ኋላ ሄድኩ። በራሴ እግር ልድረስ ብዬ ነው። ልጆቹ ጭማቂና ኩኪስ ወዳለበት ጠረጴዛ ይሮጣሉ፤ ወላጆች «በጣም ቆንጆ ነበር» ይሉኛል። እነሱ ቆመዋል። አላጨበጨቡም።

ባለቤቴ ከመካከላቸው ወጥቶ መጣ። እጁን ዘርግቶ፣ ከሩቅ እያለቀሰ። አቀፈኝና ጭንቅላቴን ደረቱ ላይ አስጠጋው። «አይዞሽ» አለኝ፣ «አይዞሽ ሆዴ፣ እኔ አለሁልሽ። አለሁልሽ። ይቅር በዪኝ፣ ሐሙስ ነው የደወሉልኝ። ማለቴ፣ ምንም አልነገሩኝም፤ ቅዳሜ ሥራ እንዳትገባ፣ ከሷ ጋ ሁን ብቻ ነው ያሉኝ። እኔ ግን ገባኝ። ወዲያው ገባኝ። አባትሽ...»

ጮኽኩ። እሪ አልኩ። ኩኪስ የያዙት ልጆች ቆመው አዩኝ።

«አይ! አይ፣ ቆዩ!» አሉ ሊቀ መንበሩ። ያ ጎርናና ድምፅ ተሰባብሮ ነው የወጣው። በመሐላችን ገቡ። «ቤት ስንሄድ ነበር እኮ ያሰብነው... እዚህ አልነበረም... ልጄ፣ ስሚኝ። አባትሽ ደህና ናቸው። የአንቺ አይደለም።»

«ተመስገን!» አልኩ። በሙሉ ድምፄ። ሁለት እጄን ወደ ላይ ዘርግቼ፣ «ተመስገን! ተመስገን ጌታዬ!» እያልኩ፣ እየሳቅኩ፣ እያለቀስኩ። ዓለም ተመለሰችልኝ። ጓደኛዬን አቀፍኳት፤ እሷ ግን አላቀፈችኝም። እጇ ወደ ታች እንደተንጠለጠለ ነው። ነጠላዋን ከቦርሳዋ አውጥታ በእጇ ይዛዋለች፤ የምታየው በትከሻዬ በኩል ወደ ኋላዬ ነው። ሌሎቹም እኔን አያዩም። ለካ ከመጀመሪያውም አያዩኝም ነበር።

ዞርኩ። ባለቤቴ እንባውን በእጁ ጀርባ እየጠረገ ነው። ጎንደር ያሉት እናቱ በሙሉ ጤንነት እንዳሉ ነው እሱም እኔም የምናውቀው፤ አንድም ቀን ስለሳቸው ሰግተን አናውቅም።

«አባትሽ ደህና ናቸው ማለት ነው?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት። በጭንቅላቴ ነው ያልኩት።

«እሰይ» አለ። «እሰይ፣ እንኳን ደስ ያለሽ የኔ ፍቅር።» ፊቱ ሁሉ በራ። ትከሻዬን ጨብጦ ነቅነቅ አደረገኝ፤ ከዚያ ወደ ሊቀ መንበሩ ዞረ፤ ወደ ጓደኛዬ፣ ወደ ነጠላው፣ እንደገና ወደ ሊቀ መንበሩ።

«ታዲያ የማን ነው?» አላቸው። ለኔ የፈገገው ፈገግታ ገና ከፊቱ አልጠፋም ነበር።